ሬይድ ኮንትሮለር ላይ ቨርቹዋል ዲስክ ማቀድ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሰርቨር ለሚያስተዳድር

ሰርቨር ውስጥ ያሉት ሃርድ ዲስኮች ብዙ ጊዜ ለዊንዶውስ ወይ ለሊኑክስ በቀጥታ አይታዩም፣ መሃል ላይ ሬይድ ኮንትሮለር የሚባል ካርድ አለ፣ እሱ ዲስኮቹን ሰብስቦ ግሩፕ ያደርግና ከግሩፑ ላይ ቆርሶ ለሲስተሙ የሚሰጠው ነው ቨርቹዋል ዲስክ የሚባለው። ዴል ፐርክ ካርዱ ላይ በዚሁ ስም ይጠራዋል፣ ኤችፒ ስማርት አሬይ ላይ ሎጂካል ድራይቭ ይለዋል፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ሬይድ የሚለው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ሰዎች ካወጡት ጥናት ነው፣ ሐሳቡም ርካሽ ዲስኮችን አንድ ላይ አስሮ እንደ አንድ ትልቅ ውድ ዲስክ ማሠራት ነበር።

ዲስኮቹ አንድ ላይ የሚታሰሩበት መንገድ ብዙ ዓይነት ነው፣ በቁጥር ነው የሚለየው። አራት ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ያለው ሰርቨር እንውሰድ። በሬይድ 0፣ 8 ቴራ ታገኛለህ ግን አንዷ ዲስክ ስትሞት ሁሉም ይሄዳል ስለዚ ለሥራ አይሆንም። በሬይድ 5፣ 6 ቴራ ታገኛለህ፣ አንድ ዲስክ ቢሞት ይችላል። ሬይድ 6 እና ሬይድ 10 ሁለቱም 4 ቴራ ነው የሚሰጡት፣ እና ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ እዚ ጋ ነው፣ እኩል ከሆኑ የቱን ልያዝ? ሬይድ 6 የትኞቹም ሁለት ዲስኮች ቢሞቱ ይችላል፣ ሬይድ 10 ግን ዲስኮቹን በጥንድ አድርጎ አንዱን የሌላው ቅጂ ስለሚያደርግ የሞቱት ሁለቱ ጥንድ ከሆኑ አለቀ። በሌላ በኩል አንዲት ትንሽ ዳታ ለመጻፍ ሬይድ 10 ዲስኮቹን 2 ጊዜ ነው የሚነካው፣ ሬይድ 5 ደግሞ 4 ጊዜ፣ ሬይድ 6 ደግሞ 6 ጊዜ። ስለዚ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ የሚቆረጥበት የሒሳብ ዳታቤዝ ከሆነ ሬይድ 10፣ የካሜራ ቪዲዮና የስካን ማስቀመጫ ከሆነ ሬይድ 6 ብዬ ነው የምመክረው። ትላልቅ ዲስኮች ላይ ሬይድ 5 አልወድም፣ ምክንያቱም አንዱ ሞቶ ሪቢልድ ሲደረግ (የሞተው ዲስክ ዳታ በአዲስ ዲስክ ላይ እንደገና ሲጻፍ) ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ በዛ ሁሉ ሰዓት ሌላ አንድ ዲስክ እምቢ ካለ መመለሻ የለም።

መጠናቸው የተለያየ ዲስኮች ከቀላቀልክ ኮንትሮለሩ ሁሉንም በትንሿ ልክ ነው የሚቆጥራቸው። ኤስኤስዲና የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ቨርቹዋል ዲስክ ውስጥ አትክተት።

ከአንድ ግሩፕ ላይ ሁለት ቨርቹዋል ዲስክ መቁረጥ ጥሩ ነው፣ ትንሹ ለሲስተሙ ትልቁ ለዳታው፣ ነገ ዊንዶውስ ሲበላሽ ትንሹን ብቻ አጥፍተህ ትጭናለህ። በአሮጌው ባዮስ (ሰርቨሩን መጀመሪያ በሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚነሳ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ከ2 ቴራ በላይ የሆነ ዲስክ ላይ ሙሉውን ይዞ አይነሳልህም ስለዚ ሁለት መቁረጡ ግዴታህ ነው። ግን ሁለቱም የተቀመጡት እዛው ዲስኮች ላይ ስለሆነ አንዱ ለሌላው ባካፕ ነው ብለህ እንዳትሸወድ።

እኛ ጋ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ መብራት ነው። ኮንትሮለሩ ላይ የአጻጻፍ ምርጫ አለ፣ ራይት ባክ ሲሆን ኮንትሮለሩ ዳታውን ገና ራሱ ሜሞሪ ላይ ይዞ "ጽፌያለሁ" ይላል፣ ፈጣን ነው፣ መብራት ሲሄድ ያቺን ዳታ የሚያተርፋት ካርዱ ላይ ያለው ባትሪ ነው። ባትሪው ሲሞት ብዙዎቹ ካርዶች ራሳቸው ወደ ራይት ስሩ (ዳታው ዲስኩ ላይ እስኪጻፍ ወደሚጠብቀው ምርጫ) ይቀየራሉ፣ ያኔ ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዱ ባለሙያ ባትሪ ከመግዛት ፎርስ ራይት ባክ ያደርገዋል፣ ማለትም ባትሪ ባይኖርም ራይት ባክ ላይ እንዲቆይ ያስገድደዋል። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ፣ ዩፒኤስ አለኝ ብላችሁም ቢሆን።

ሆት ስፔርም፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ የሚጠብቅ ትርፍ ዲስክ፣ እንደዚሁ ችላ አይባልም። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ዲስኩ እስኪመጣ ሬይዱ ቆስሎ ይቆያል፣ አንድ ዲስክ ተሰክቶ ቢጠብቅ ግን ሪቢልዱ ሌሊትም ቢሆን በራሱ ይጀምራል። ከፍታውንም ማሰብ ነው፣ ብዙ ሰርቨሮች ከ950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚችሉት ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳል፣ ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እስከ 35 ዲግሪ ይችላል የተባለው ወደ 30 ይወርዳል። ከተማዋ ብርድ ነች ተብሎ ሰርቨሩ መስኮት በሌለው ክፍል ሲታፈን አየሩ ስስ ስለሆነ ዲስኮቹ ይግላሉ።

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ካለ መሥሪያ ቤት "ዲስክ ልቀይር ብዬ ሰርቨሩ ሞተብኝ" ብሎ አንድ ልጅ ደወለልኝ፣ የሐረጎን መንገድ ወርጄ ሄድኩ። ሬይድ 5 ነው፣ ስክሪኑ ዲስክ 3 ሞቷል ብሎታል፣ ልጁ ከ1 ጀምሮ ቆጥሮ ሦስተኛውን ነቀለ፣ ካርዱ ግን የሚቆጥረው ከ0 ስለሆነ የነቀለው ጤነኛውን ነው። መልሶ ሲሰካው ኮንትሮለሩ ፎሪን (ከውጭ የመጣ ዲስክ) ብሎ ኢምፖርት (ያለበትን እንዳለ ልቀበል) ወይስ ክሊር (ልሰርዘው) እያለ ይጠይቃል፣ ልጁም ፈርቶ ምንም ሳይነካ ጠበቀኝ፣ እሱ ነው ያዳነን። ኢምፖርት አልኩት፣ ዳታው ተመለሰ፣ መጀመሪያ ባካፕ ወሰድን፣ ከዛ አራተኛውን ቀየርን። ከመሄዴ በፊት በነጭ ፕላስተር እያንዳንዱ ዲስክ ላይ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ብለን ጽፈን ለጠፍንበት።