የእጅ ቾፐር ምንድን ነው?

የእጅ ቾፐር ያለ መብራት ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ካሮትና መሰል አትክልት የሚከትፍ ትንሽ የማዕድ ቤት ዕቃ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ቀፊራ ገበያም ሂዱ ታይዋን ገበያ፣ የፕላስቲክ ዕቃ ከሚደረደርበት ቦታ አታጡትም። ክብ ሳህን አለው፣ መሐሉ ላይ የሚቆም ምላጭ አለው፣ ክዳን አለው። ከክዳኑ ጎን እጀታ ያለው ገመድ ወጥቶ ይታያል። ገመዱን ሳብ ስታደርጉት ምላጩ ይሽከረከራል። ስትለቁት ገመዱ ራሱ ተመልሶ ይገባል። እንደገና ሳብ፣ እንደገና ለቀቅ። በቃ ይኸው ነው።

ሻጩ ሲያሳያችሁ ግን ተአምር ያስመስለዋል። ግማሽ ሽንኩርት ይጨምርና አምስት ስድስት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጎ ይከፍትላችኋል። «አቦ እዪው፣ ዓይንሽ ሳያለቅስ!» ይላል። የሚለው ውሸት አይደለም። ግን ቤት ተወስዶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ቾፐር ብዙ ነው። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የት እንደሚያገለግልና የት እንደማያገለግል የሚነግር ሰው ስለሚጠፋ ነው።

መጀመሪያ ውስጡን እንየው። ክዳኑ ውስጥ ገመዱ የሚጠመጠምበት ጥቅል አለ፤ ከጥቅሉ ጋር የተያያዘ ጠፍጣፋ ሞላ አለ። ጀነሬተር በገመድ ሲነሣ ያየ ሰው አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል። ገመዱን ስትስቡ ጥቅሉ ዞሮ ምላጩን ያዞራል፤ ሞላውም ይጠብቃል። ስትለቁት የጠበቀው ሞላ ገመዱን መልሶ ይጠቀልላል። ምላጮቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፤ ተለቅ ያሉት ላይ አምስት ይሆናሉ። ሁሉም በአንድ ከፍታ ላይ አይደሉም። አንዱ የሳህኑን ወለል ሊነካ ምንም አይቀረው፣ አንዱ መሐል ላይ፣ ሌላው ከፍ ብሎ ይቆማል። ታች ያለው ሲከትፍ ላይ ያለው የተነሣውን ይመታል። ስለዚህ ከታች ደቆ ከላይ ሳይነካ የሚቀር ነገር አይኖርም፤ ሳህኑን ጢም አድርጋችሁ ካልሞላችሁት በስተቀር።

ሌላም ዓይነት አለ። ከላይ ተጭነውት አትክልቱን በካሬ ካሬ ምላጭ መሐል የሚያሳልፍ አለ፣ በመዳፍ መታ መታ የሚደረግ አለ፣ በእጀታ የሚዞርም አለ። ድሬ ላይ ብዙ ሰው ቤት የገባው ግን ባለ ገመዱ ነው፤ እኔም የማወራው ስለ እሱ ነው።

የዚህ ዕቃ ምሥጢሩ ሁሉ ስንት ጊዜ እንደምትስቡ ማወቅ ነው። የኤሌክትሪኩ መፍጫ አንዴ ሲነካ ሽንኩርቱን ሾርባ ያደርገዋል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ስበት በእጃችሁ ነው። አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ልጣችሁ፣ አራት ቦታ ከፍላችሁ ጨምሩ። ከ4 እስከ 5 ጊዜ ስትስቡት ለፉል ማባያ የሚሆን ተለቅ ተለቅ ያለ ክትፍ ይወጣል። 7 ወይም 8 ላይ ለሳምቡሳና ለፈጢራ የሚሆን ይሆናል። ከ15 እስከ 20 ስትደርሱ የወጥ ሽንኩርት ነው። ከዚያ ካለፋችሁ ሳህኑ ግርጌ ውሃ ማቆር ይጀምራል። ቁጥሩ እንደ ሳህኑ ስፋትና እንደ ክንዳችሁ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በየአምስቱ ስበት ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በማንኪያ ወደ መሐል መልሱና ቀጥሉ።

ውሃ ማቆሩ ለምን እንደሚያስጨንቅ ወጥ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል። ከ100 ግራም ቀይ ሽንኩርት 89 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ቢላ በሥርዓቱ ሲከትፈው አብዛኛው ውሃ እዚያው ሽንኩርቱ ውስጥ ይቆያል፤ ድስት ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል። ከመጠን በላይ የተቾፈረ ሽንኩርት ግን ውሃውን በአንድ ጊዜ ይለቅቃል። ያን ጊዜ ሽንኩርቱ መቁላላቱ ቀርቶ ይቀቀላል። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሐረር ደግሞ ከፍ ስለምትል ከዚያም ዝቅ ይላል። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ሽንኩርት ቀልቶ ያንን የምናውቀውን ጣፋጭ ሽታ የሚያመጣው ውሃው ካለቀ በኋላ ነው።

«የቾፐር ሽንኩርት ወጥ አያጣፍጥም» የሚሉ እናቶች አሉ። የሚሉትን ከልብ እሰማለሁ፤ ምክንያቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያዩት ግን ተጨፍልቆ ውሃ የሆነውን ሽንኩርት ነው። በልኩ የተከተፈ የቾፐር ሽንኩርት ለዶሮ ወጥ ከእጅ ክትፍ አያንስም ባይ ነኝ። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት መጨረሻ ላይ ሟሙቶ መጥፋት አለበት። እኩል ደቅቆ የገባ ደግሞ እኩል ይሟሟል፤ ገሚሱ ጥሬ ሆኖ ገሚሱ አያርም። ውሃው በዛ ካለ ሰፋ ያለ ድስት ተጠቀሙ፣ ክዳን አትግጠሙ፣ እሳቱን መጀመሪያ ላይ ጠንከር አድርጉት። ውሃው መጠጥ ሲል እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ እንደ ወትሮው አቁላሉ። የወጣውን ውሃ ግን አትድፉ፤ ጣዕሙ እዚያ ውስጥ ነው።

ወደ ዓይን እንምጣ። ሽንኩርት ሳይነካ አያስለቅስም። ውስጡ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገርና ኤንዛይም ለየብቻቸው ተቀምጠዋል። ስለት ሲያልፍባቸው ይገናኙና ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጠራል። ለረጅም ጊዜ አንድ ኤንዛይም ብቻውን ይህን ሁሉ እንደሚሠራ ይታሰብ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች የሚያስለቅሰውን ጋዝ የሚሠራው ሌላ፣ ራሱን የቻለ ኤንዛይም መሆኑን አሳዩ። ቾፐር ይህ ጋዝ እንዳይፈጠር አያደርግም። እንዲያውም ብዙ ስለሚያደቅ ጋዙ ይበዛል። የሚያደርገው ነገር ክዳኑ ሥር ማፈን ነው። ስለዚህ ከትፋችሁ እንደጨረሳችሁ ፊታችሁን ሳህኑ ላይ ደፍታችሁ አትክፈቱ። ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዘንብላችሁ ክፈቱ። በድሬ ሙቀት ጋዙ ቶሎ ይተናል። ፍሪጅ ካላችሁ ሽንኩርቱን ግማሽ ሰዓት ያህል አስገብታችሁ ብታወጡት ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ሌላው ነገር ስለት ነው። የተሳለ ምላጭ ይቆርጣል፣ የደነዘ ይጨፈልቃል። የተጨፈለቀ ሽንኩርት የበለጠ ያስለቅሳል፣ ምሬቱም ይከራል።

ለእኔ ይህ ዕቃ ዋጋውን የሚያወጣው በረመዳን ነው። ለአፍጥር ሳምቡሳ የሚሠራ ቤት ከሰዓት በኋላ ያለውን ሥራ ታውቁታላችሁ። ምስሩ ይቀቀላል፣ ሊጡ ይዳመጣል፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው ይከተፋል፤ ይህ ሁሉ በዚያ ሙቀት፣ አንዳንዴም መብራት ጠፍቶ ነው። ቾፐር እዚህ ላይ እጅ ያሳርፋል። ግን ሳምቡሳ ውሃ አይወድም። የሽንኩርት ውሃ ስሱን ሊጥ ያርሰዋል፤ የራሰ ሊጥ ዘይት ውስጥ ይፈነዳል፣ ዘይቱም ይረጫል። ስለዚህ 7 ወይም 8 ጊዜ ስባችሁ አቁሙ። የተከተፈውን በማጥለያ ላይ ጥቂት አቆዩት፤ ወይም ትንሽ ጨው ነስንሳችሁ በእጃችሁ ጭምቅ አድርጉት። ከዚያ ከምስሩ ጋር ቀላቅሉት።

ቢስባስ ለመሥራትም ጥሩ ነው። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ድንብላል ቅጠሉን አንድ ላይ ከትፎ ሎሚ መጭመቅ ነው። ሻካራ ሻካራ ያለ ቢስባስ ይወጣል፤ እኔ እንዲያውም እንደዚያ ነው የምወደው። እንደ ቅባት የለሰለሰ የሚፈልግ ሰው ሙቀጫውን አይጣል። ቃሪያ ከከተፋችሁ በኋላ ግን ሳህኑንና ምላጩን በሳሙና እጠቡ። የቃሪያ ማቃጠል በውሃ ብቻ አይለቅም፤ ቀጥሎ ለልጅ ምግብ የምትከትፉት ካሮት ላይ ታገኙታላችሁ።

የማይሆንለትም አለ። ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ተሰንጥሮ ነው የሚያምረው፣ ቾፐር ግን ይፈረፍረዋል። የሐበሻ ጎመን ቅጠል ግድግዳው ላይ ይለጠፍና ምላጩ ከሥሩ በባዶው ይዞራል። የተቀቀለ ድንች ሙጫ ይሆናል። ቲማቲም ለስልስ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ ቢደረግ ችግር የለውም፣ ለሰላጣ ግን በቢላ ይሁን። ዝንጅብል ጭረት አለው፤ ጭረቱ ምላጩ ሥር ተጠምጥሞ ገመዱን ያስራል። መጀመሪያ ጭረቱን አቋርጣችሁ በስሱ ክተፉት፣ ከዚያ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ጨምሩት። በረዶ የሆነ ሥጋ፣ አጥንት፣ ደረቅ ቅመም፣ ቡና፦ ፈጽሞ አይሞከርም። ሳህኑ ይሰነጠቃል ወይም ምላጩ ይጣመማል።

ለብዙ እንግዳ ሲሆንም ቾፐር ይደክማል። ትንሹ ሳህን አንድ ሽንኩርት ነው የሚይዘው። የበዓል ዶሮ ኪሎ በኪሎ ሽንኩርት ሲጠይቅ ስትሞሉ ስትገለብጡ ትውላላችሁ። ትልቁን ግዙ፤ ግን እሱንም ከግማሽ ብዙ ፈቀቅ አታድርጉት። ከሞላ ምላጩ ይያዛል፣ ምላጩ ሲያዝ በጉልበት ትስባላችሁ፣ በጉልበት ሲሳብ ገመዱ ይበጠሳል።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ ጀምሮ ይህች ከተማ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ዕቃ እያገላበጠች መግዛት ታውቅበታለች። እናንተም ቾፐሩን እንደዚያ አገላብጡት። ገመዱን እስከ መጨረሻው ሳቡና ልቀቁ፤ ሳይንቀረፈፍ ተመልሶ መግባት አለበት። ገመዱ እጀታው ውስጥ የታሰረበትን ቋጠሮ እዩ። ክዳኑን አንሥታችሁ፣ ምላጩ ሳህኑ ውስጥ እንደቆመ የታችኛው ስለት ከወለሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ተመልከቱ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ከታች ሳይከተፍ የሚቀር ብዙ ነው። ክዳኑ ገጥሞ ቀጭ ማለት አለበት። ሳህኑን በጣታችሁ ጫን ስትሉት እጥፍ የሚል ከሆነ ተዉት። ከሥሩ የማያንሸራትት ጎማ ከሌለው ቤት ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አጥፋችሁ ሥሩ አንጥፉለት።

ስትስቡ አንድ እጅ ክዳኑን ወደ ታች ይጫን፣ ሌላው ገመዱን ወደ ጎን ይሳብ። ወደ ላይ አትሳቡ፤ ገመዱ የክዳኑን ጠርዝ እየፈተገ ይበላል። ጉልበት አያስፈልገውም። እጃቸውን ቁርጥማት ለሚያማቸው፣ ቢላ አጥብቆ መያዝ ለከበዳቸው አዋቂዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእናታችሁ የምትገዙ ከሆነ እጀታው ሰፋ ያለ፣ አራት ጣት የሚያስገባውን ምረጡ።

ሲታጠብ ሳህኑና ምላጩ በሳሙና ይታጠባሉ። ምላጩን የሳሙና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አትሂዱ፤ የማያውቅ ሰው እጁን ሲያስገባ ይቆርጠዋል። ልጅ ካለበት ቤት ደግሞ ምላጩ ሳህኑ ውስጥ ሆኖ ክዳኑ ተገጥሞ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ክዳኑ ውሃ ውስጥ አይነከርም። ውሃ ገብቶ ሞላው ጋ ከደረሰ ዝገት ይጀምራል፣ ገመዱም የሽንኩርት ሽታ ይይዛል። በእርጥብ ጨርቅ ወልውላችሁ ደረቅ ባለ ቦታ ገልብጣችሁ አስቀምጡት።

ገመዱ እጀታው ጋ ከተበጠሰ አትጣሉት። ገመዱ ወደ ውስጥ ካልሸሸ ጫፉን ይዛችሁ እንደገና እጀታው ውስጥ አሳልፋችሁ ቋጥሩት፤ ትንሽ ቢያጥርም ይሠራል። ወደ ውስጥ ከገባ ግን ክዳኑ በብሎን የተዘጋ መሆኑን እዩ። በብሎን ከሆነ የሚጠግን ሰው ጋ ውሰዱት። ራሳችሁ ለመክፈት አትሞክሩ፤ የተጠቀለለው ሞላ ሲፈታ ተፈናጥሮ እጅና ፊት ይመታል። ክዳኑ በሙቀት የተጣበቀ ከሆነ ግን አይከፈትም፤ ክዳኑን ብቻውን የሚሸጡ ካገኛችሁ ልኩን ለማወቅ ሳህኑን ይዛችሁ ሂዱ።