«ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል»

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው እውነት ይዞ አንደበቱ ላበላሸበት ሰው ነው። ጉዳዩ ትክክል ነበር። ግን ገና ከበር እየጮኸ ገባ፣ ሰዎቹን አስቀየመ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። ያኔ አንድ ትልቅ ሰው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ።

የመጀመሪያው ግማሽ የችሎት ሽታ አለው። በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር። መሣሪያው ምላስ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ቃል ጠብቆ ወይም ላልቶ መነገሩ ቀላል ነገር አይደለም። «ይበላል» ላልቶ ሲነገር በላተኛው ነው፣ ጠብቆ ሲነገር ደግሞ ምግቡ። ፊደላችን ይህን አይለይም፤ ጆሮ ነው የሚፈርደው።

ሁለተኛውን ግማሽ ለማየት ጅማ መርካቶ ጨርቅ ቤት በር ላይ ትንሽ መቆም ይበቃል። ባለሱቁ አቡጀዲውን ይለካል። ጠርዙን በመቀስ ጫር ያደርጋል። ከዚያ ግራና ቀኙን በሁለት እጁ ይዞ ጥርርር! አያያዙ እኩል ከሆነ ክሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንዱ እጁ ካዘነበለ ግን ቅዱ ይንሻፈፍና ደንበኛ «ወንድሜ፣ ይሄንንማ አልወስድም» ይላል። አባባሉን «በደንብ ካልያዝከው ይቀደድብሃል» ብለው የሚፈቱት አሉ፤ ልክ ነው። እኔ ግን የነጋዴው ይበልጥብኛል። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፤ ወዴት እንደሚቀደድ የሚወስነው አያያዙ ነው።

ቃልም እንዲሁ ነው ብል አላጋነንኩም። እንግሊዝኛ የሚያጠኑ ልጆች የሚማረሩባቸው ሁለት ቃላት አሉ፦ «ራን» (run) እና «ሴት» (set)። (ሁለተኛው በእኛ ፊደል ሲጻፍ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ጂም የሚሠራ ጎረምሳ «ሁለት ሴት ቀርቶኛል» ሲል እናቱ ብትደነግጥ አይፈረድባትም።) በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት «ሴት» 430 ያህል ፍቺ ተቆጥሮለት በአንደኝነት ተቀምጦ ነበር። በኋላ መዝገበ ቃላቱ ሲታደስ «ራን» በግስነቱ ብቻ 645 ደረሰና ቀደመው። ፒተር ጊሊቨር የተባለው አዘጋጅ ይህን አንድ ቃል ለመጨረስ 9 ወር ፈጅቶበታል።

ቁጥሩ ያስፈራል። ግን የእኛ «ያዘ» እና «ለቀቀ» ሲቆጠሩ ከዚህ ያንሳሉ? ጉንፋን ያዘው፣ ቀጠሮ ያዘ፣ ሚስጥር ያዘ፣ መኪና ያዘ፣ ዝናብ ያዘን። ሥራ ለቀቀ፣ ቤት ለቀቀ፣ ዘፈን ለቀቀ፣ ሕመሙ ለቀቀው። ማንም ኢትዮጵያዊ እነዚህን በዝርዝር አልሸመደደም።

የሚገርመው ሁለቱ ጥንዶች አንዳንዴ መንገድ ላይ መገናኘታቸው ነው። ጅማ ዙሪያ ቡናው ዝናብ አግኝቶ ያብባል፣ አበባው ይረግፋል፣ ከዚያ «ፍሬ ያዘ» እንላለን። እንግሊዝኛውም እዚህ ላይ «ሴት» ነው የሚለው። የተለሰነው ሲሚንቶ ሲጠነክር እኛ «ያዘ»፣ እነሱ «ሴት»። ምክንያቱም «ሴት» በሥሩ ማስቀመጥ፣ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ቦታው ሲመልስም ያው ቃል ይሠራል። «ራን» ደግሞ ሥሩ መሮጥና መፍሰስ ነው። አዲስ ልብስ ታጥቦ ቀለሙ ሲሄድ «ለቀቀ» እንላለን፤ እነሱ «ራን»። የቧንቧ ውሃ ስንለቅም እንደዚያው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ሱቅ የሚያስተዳድር ሰው በእንግሊዝኛ ሱቁን «ራን» ያደርጋል። «ለቀቀ» ብላችሁ ብትተረጉሙት ሰውዬውን ከሱቁ አስወጣችሁት! በእኛ ሱቁን የያዘው እሱ ነው። ፀሐይም ስትጠልቅ በእነሱ «ሴት» ታደርጋለች። «ፀሐይ ያዘች» ብሎ ግን ማንም አይረዳችሁም፤ እኛ ዘንድ ትገባለች፣ ትጠልቃለች። ያው ቃል አጠገቡ ሱቅ ሲቀመጥ በአንድ በኩል ይቀደዳል፣ ውሃ ሲቀመጥ በሌላ በኩል።

ስለዚህ 645ቱን ለመቁጠር ደብተር የሚገዛ ተማሪ ካለ ገንዘቡን ቢቆጥብ እላለሁ። ከቃሉ ጎን የቆመውን ስም አብሮ ይያዝ፦ ሱቅን፣ ቀለምን፣ ሲሚንቶን፣ ፀሐይን ከነግሳቸው። ኮምፒውተር የሚማሩት «ኮዱን ራን አድርገው» የሚለውን እንዲህ ነው የለመዱት፤ ማንም ሩጫ አልመሰለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዕቃ ተራ «ሙሉ ሴት» እየተባለ የሚሸጠው ሲኒና ብርጭቆ ከሲሚንቶው «ሴት» ጋር ሙሉ ዘመድ አይደለም። ያ ስም በከፊል የመጣው በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን ነው፤ እዚያ መነሻው ተከታይ፣ የአንድ ወገን ሰዎች እንደማለት ነበር። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ተመሳስለው ሲኖሩ ትርጉማቸው ተቀላቀለ።