መንገዱን አዘጋጅ፦ የቁልቢ ተሳላሚና የሦስት አስተዳደሮች አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የድሬዳዋና የሐረር ምእመናን፣ ታኅሣሥ 19 በተቃረበ ቁጥር ከተሞቻችን ወደ ቁልቢ ገብርኤል በሚወጡ እንግዶች ይሞላሉ፤ ስለ አልጋ፣ ስለ ትራንስፖርትና ስለ ቱሪዝም ገቢ የሚነሣው ወሬም አብሮ ይደምቃል። ይህን ሲሰማ «የስእለት ጉዞን ከገቢ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ፊቱን የሚያዞር ምእመን አለ፤ ከገቢው በቀር ሌላ ነገር የማይታየውም አለ። ሁለቱም አስቀድመው ኦሪትን ቢጠይቁ መልካም ነበር።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 እግዚአብሔር ሕዝቡ ሦስት የመማጸኛ ከተሞችን እንዲለይ ሲያዝ በከተሞቹ ብቻ አላበቃም፤ ምድሪቱን ከሦስት እንዲከፍሉና ወደ ከተሞቹ የሚያደርሰውን መንገድ እንዲያዘጋጁ ጨምሮ አዘዘ። ሳያስበው ሰው የገደለ ምስኪን፣ ደም ተበቃዩ እየተከተለው ሲሮጥ መንገዱ ቢርቅበት ወይም ቢጠፋበት፣ የመማጸኛዋ ከተማ መኖር ብቻውን አያተርፈውም ነበርና። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 62 የሕዝቡ መንገድ እንዲጠረግ፣ ድንጋዩም ከጎዳናው እንዲነሣ ይጣራል። የመሐንዲስና የከንቲባ ጉዳይ ብቻ የሚመስለን ሥራ በሕግም በነቢያትም የምሕረት ሥራ ሆኖ ተጽፏል ማለት ነው።

አሁን የእኛን መንገድ እንመልከት። ከድሬዳዋ የተነሣ ተሳላሚ ጠመዝማዛውን ዳገት ጨርሶ ደንገጎ ሲደርስ፣ ከሐረር ተነሥቶ በሐሮማያ በኩል ከመጣው ወንድሙ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም ሁለቱም የምሥራቅ ሐረርጌን ደጋ ይዘው በኦሮሚያ ክልል ሜታ ወረዳ ወደምትገኘው ቁልቢ ያመራሉ። ስለዚህ የድሬዳዋ አስተዳደር፣ የሐረሪ ክልልና የኦሮሚያ ክልል በአንድ ሰው ጉዞ ላይ ሦስቱም ድርሻ አላቸው። እንግዳው ከአውሮፕላን የሚወርደው ድሬዳዋ ነው፤ የጀጎልን ግንብ ለማየት ጎራ የሚለው ሐረር ነው፤ ስእለቱን የሚያገባው ግን ቁልቢ ነው። ትርፉ በአብዛኛው አልጋና ምግብ ቤት ባለበት ከተማ ይቀራል፤ የተጣለው ፌስታል፣ የተረገጠው ማሳና የመጸዳጃው እጥረት ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ላለበት ገጠር ይተርፋል። እንደ እኔ አስተያየት ሦስቱ አካላት አብረው መቀመጥ ያለባቸው ከሁሉ በፊት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚካፈሉት ገቢውን ብቻ ከሆነ ሸክሙን የሚሸከም ይጠፋል።

መንገዱ ታሪክ ያለው መንገድ ነው። ራስ መኰንን ከዓድዋ ድል በኋላ በምስጋና ያሳነጹት ቤተ ክርስቲያን ነው ተሳላሚውን የሚጠራው፤ እርሳቸውም በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉት እዚያው ቁልቢ ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ መድረሱም ከተማችንን ለሩቅ አገር ተሳላሚ ደጃፍ አደረጋት።

ሌሎች ክርስቲያኖችም እንዲህ ያለ መንገድ አላቸው። በስፔን ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚወስደው የቅዱስ ያዕቆብ መንገድ ብዙ አውራጃዎችንና ትንንሽ ከተሞችን ያቋርጣል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ የገጠር ቄስ ቢጫ ቀለም ይዘው፣ እግረኛው እንዳይጠፋበት በድንጋይና በግድግዳ ላይ ቀስት እየሳሉ ይሄዱ ነበር፤ የአውሮፓ ምክር ቤት መንገዱን የመጀመሪያው የባህል መስመር ብሎ የሰየመው በ1987፣ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በእግር የሚሄድ ሰው ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር መጓዙን በየደረሰበት በሚመታለት ማኅተም ያሳያል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሲደርስ የሚጠብቀው ጥያቄ ነው፦ ለምን መጣህ? የቤተ ክርስቲያኒቱ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው በመንፈሳዊ ምክንያት ለመጣ ነው፤ ለሌላው ሌላ ወረቀት አለው። ቱሪስቱን አላባረሩትም፤ ጥያቄውንም አልተዉትም።

እኛም ስለ ገበያው ስንናገር ይህን እንያዝ። በዘዳግም 14 ከሩቅ የሚመጣ ሰው አሥራቱን በገንዘብ ለውጦ፣ በደረሰበት የሚያሻውን እንዲገዛ ተፈቅዶለታል፤ ስለዚህ ለተሳላሚ ጧፍ፣ ጃንጥላ ወይም ቆሎ መሸጥ ነውር የለበትም። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 «የአባቴን ቤት የንግድ ቤት አታድርጉት» ያለው ሻጮቹን በመቅደሱ ውስጥ ስላገኛቸው ነው። የሦስቱ አስተዳደሮች ውይይት የሱቁንና የመኪና ማቆሚያውን ስፍራ ከቅጽሩ አርቆ ቢወስን፣ ለሚኒባስም የበዓል ሰሞን ታሪፍ በአንድነት ቢያወጣ፣ ለቃሉ መታዘዝም ይሆናል። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚከንፈው አይሱዙ፣ ልጅ አዝላ ዳር ዳሩን በምትሄድ እናት አጠገብ በምን ፍጥነት ማለፍ እንዳለበትም ይታሰብበት።

ከመንግሥት የማይጠበቀው ደግሞ የእኛው ነው። ታኅሣሥ 19 የሚታሰበው ቅዱስ ገብርኤል አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከናቡከደነፆር እቶን ማዳኑ ነው። እነዚያ ሦስት ወጣቶች እሳቱ ፊት ከመቆማቸው አስቀድሞ፣ በዳንኤል ምዕራፍ 1 እንደምናነበው፣ ከንጉሡ ማዕድና ጠጅ ይልቅ ጥራጥሬና ውኃ መርጠው ነበር። በዓሉም በጾመ ነቢያት መካከል ይውላል። ታዲያ በዋዜማው በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ሥጋ አስቆርጦ፣ ቢራ ደርድሮ ሲጨፍር አድሮ ጠዋት በሞቀ መኪና ዳገቱን የሚወጣ ምእመን የማንን በዓል ሊያከብር ነው የሚሄደው? ሆቴሉን አንውቀስ፤ የሚያቀርበው የተጠየቀውን ነው። ሽሮና ምስር የሚያዝዝ ከበዛ ማዕድ ቤቱም እንደዚያው ይሰናዳል። ያኔ ጾሙን ለማየት የመጣ የውጭ አገር ሰው የሚያየው ነገር ይኖረዋል፤ የሚጾም ሰው ከሌለበት ግን ምን አስጎብኚ ምን ያሳየዋል?

በመጨረሻው ዳገት ላይ ትልቅ ድንጋይ በነጠላ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ ጎንበስ ብላ በባዶ እግሯ የምትወጣ ሴት አይታችሁ ይሆናል። ነቢዩ ድንጋዩን ከመንገድ አንሡ ያለው ለእርሷ ነው፤ የተሸከመችው ስእለቷ ይበቃታል፣ መሰናክል ልንጨምርባት አይገባም። በዚያ መንገድ ዳር የሚኖረው አብዛኛው ሰው ሙስሊም ወገናችን ነውና ማሳው ላይ ባለማረፍ፣ ከደጁም ቆሻሻ ባለመጣል ጉርብትናውን እናክብር፤ ከአስተዳደሮቹ ጋር በሚደረግ ምክክርም የእርሱ ቃል ይሰማ።

ሁለተኛው የቁልቢ በዓል፣ ሐምሌ 19፣ ደግሞ የሕፃኑ ቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ መታሰቢያ ነው፤ ክረምት ነው፣ ዝናብ አለ፣ ብዙ እናቶች ሕፃናትን ለክርስትና ይዘው ይወጣሉ። መጠለያ፣ ንጹሕ ውኃና ለእናቶች የሚሆን መጸዳጃ በዚያ ቀን ከምንም በላይ ያስፈልጋል። በየአጥቢያችን ያለው ሰበካ ጉባኤ ይህን ጽፎ ለየአስተዳደሩ ቢያቀርብ፣ ማኅበራትም ከወዲሁ ቢያግዙ፣ ከታኅሣሥ እስከ ሐምሌ ያለው ጊዜ ለሥራው ይበቃል።