ሳምራዊው በማግስቱ ሄደ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የተወደዳችሁ ወገኖች።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ መንገዱ ላይ እናቆመዋለን። ካህኑ አይቶ አለፈ። ሌዋዊውም አለፈ። ሳምራዊው ግን አዘነለት፣ ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረለት። እኛም አሜን ብለን እንበተናለን። ታሪኩ ግን ገና አላለቀም። ሉቃስ 10፥35ን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ሳምራዊው በማግስቱ ሄደ። መንገደኛ ነበር፣ የሚጠብቀው ጉዳይ ነበረው። ከመሄዱ በፊት ግን ሁለት ዲናር አውጥቶ ለእንግዶች ቤት ጠባቂው ሰጠና «ጠብቀው» አለው። ከዚያ በላይ የሚወጣውን ደግሞ ስመለስ እከፍልሃለሁ አለ።

ዲናር በዚያ ዘመን የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር (ማቴ 20፥2)። የሁለት ቀን ደመወዝ ማለት ነው። ይህን ታሪክ ከአራቱ ወንጌላውያን የጻፈልን ሉቃስ ብቻ ነው፤ ጳውሎስ «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ» የሚለው ሉቃስ (ቆላ 4፥14)። ማግስቱን ሳይዘለው የጻፈው የሕክምና ሰው ስለሆነ ይመስለኛል። ቁስል በተጠገነበት ቀን እንደማይድን ያውቃል።

ይህ ጥቅስ ልቤ ውስጥ የገባው ፊሊፒንስ ገጠር ውስጥ ለሕክምና አገልግሎት በሄድኩበት ጊዜ ነው። እኔ ነርስ ነኝ። ሆስፒታል አብረውኝ የሚሠሩ ፊሊፒናውያን እህቶችና ወንድሞች በዕረፍታቸው ወደ አገራቸው እየሄዱ ያገለግላሉ። እነሱ ናቸው የጋበዙኝ።

የሄድነው ሚንዶሮ ወደምትባል ደሴት ነው። ፊሊፒንስ ከ7,600 በላይ ደሴቶች አሏት፣ ሚንዶሮ ከማኒላ በስተደቡብ ናት። ከባታንጋስ ወደብ በመርከብ ወደ ካላፓን ትሻገራላችሁ። ከዚያ በጂፕኒ (እንደ ታክሲ ሰው በሚጭን ረጅም ጂፕ)፣ መንገዱ ሲጠብ በሞተር ሳይክል፣ ወንዙ ጋ ሲደረስ በእግር። ሜዳው ላይ የሩዝ ገበሬዎች ይኖራሉ። ተራራው ላይ ማንግያን የሚባሉት ነባር ሕዝቦች አሉ። ስምንት ጎሳዎች ናቸው። ከእነሱ አንዳንዶቹ ስፔኖች ሳይመጡ ጀምሮ የራሳቸው ፊደል አላቸው፣ ግጥማቸውን ቀርከሃ ላይ በቢላ ይቀርጹታል። እኔ ያንን ሳይ ደስታዬ ልዩ ነበር፤ ፊደል ሲቆጥር ያደገ ሰው ይገባዋል።

ቀኑ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዶሮው ሁሉ አንድ ላይ ይጮኻል። እኛም ለጸሎት እንነሳለን። ጌታችን ቅፍርናሆም ውስጥ በሽተኛውን ሁሉ ሲፈውስ አምሽቶ፣ ገና ሌሊት ሳለ ተነስቶ ብቻውን ሊጸልይ ወጣ (ማር 1፥35)። ጴጥሮስና ጓደኞቹ «ሁሉ ይፈልጉሃል» ብለው መጡ። እውነታቸውን ነበር፣ ሰው ሁሉ ይፈልገዋል። ቢሆንም መጀመሪያ ከአባቱ ጋር ነበረ። የሕክምና ጉዞ ላይ ይህን የዘለለ አገልጋይ እስከ ቀትር ድረስ እንኳ ትዕግሥቱ አይዘልቅም። ሙቀቱ፣ ግፊያው፣ የልጆች ለቅሶ፣ በሁለት አስተርጓሚ መነጋገሩ ይፈትናል። ማንግያን እናት ታጋሎግ ለሚባለው የፊሊፒንስ ቋንቋ ተናጋሪው ትነግራለች፣ እሱ ለእኔ በእንግሊዝኛ ይነግረኛል። «መቼ ጀመረሽ?» የሚለው ጥያቄ ደርሶ እስኪመለስ አንድ ሻይ ይጠጣል።

ቁርስ ሩዝ ነው። ምሳም ሩዝ፣ እራትም ሩዝ። ከጎኑ የደረቀ ዓሣ ወይም የሞሪንጋ ቅጠል ሾርባ ይቀርባል፤ እነሱ ማሉንጋይ ይሉታል፣ የእኛው ሺፈራው ነው። ያለውን ሁሉ ነው የሚያቀርቡላችሁ። ሲበሉ ከደረሳችሁ ኑ እንብላ ሳይሉ አያሳልፏችሁም። ልጆቹ የሽማግሌ እጅ ይዘው ግንባራቸው ላይ ያስነካሉ፣ በዚያ ይመረቃሉ። አገር ቤት ያለሁ መሰለኝ።

ሥራው የሚካሄደው ቆርቆሮ የለበሰ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ውስጥ ነው። ሕዝቡ እኛ ጠረጴዛ ሳንዘረጋ ተሰልፏል። ከተራራ የወረዱት ሌሊቱን ሲሄዱ ያደሩ ናቸው። መጀመሪያ ምዝገባ፣ ከዚያ ክብደትና የደም ግፊት፣ ከዚያ ሐኪም፣ መጨረሻ ላይ መድኃኒት። ከጥግ የጥርስ ሐኪሙ አለ። እዚያ ጥርስ አይሞላም፣ ይነቀላል። የፕላስቲክ ወንበር፣ ማደንዘዣ መርፌ፣ ባልዲ። ለልጆች የትል መድኃኒት፣ ለአዛውንት የማንበቢያ መነጽር ይታደላል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በስቴቶስኮፕ የልብ ምት መስማት አይቻልም። ያኔ የመንደሩ ሰዎች መዝሙር ይጀምራሉ፣ ሐኪሞቹም አብረው ያጨበጭባሉ።

አሁን ወደ ጥቅሳችን የሚመልሰኝን ልንገራችሁ።

አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። የልጁ እናት ሪያድ ናት፣ የሰው ቤት ትሠራለች። ይህን ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ከእኛም ሰፈር ስንት እህት እንደሄደች፣ ስንት አያት ልጅ እንደሚያሳድግ እናውቃለን። ያመጡት ልጁን ለሳል ነው። የእሳቸውን ግፊት ስንለካ ግን 190 በ110 ሆነ። መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ጠየቅናቸው። ከቀሚሳቸው ኪስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የኪኒን ማሸጊያ አወጡ። ሁለት ፍሬ ቀርቶበታል። ከዚህ ቀደም የመጣ ሌላ ቡድን የአንድ ወር ሰጥቷቸው ነበር። እንዳያልቅ ፈርተው ሲያዞራቸው ብቻ ነው የሚውጡት።

የመንደሩ የጤና ሠራተኛ አጠገባችን ቆማለች። ሁሉም አቴ ይላታል፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። ደብተር አወጣች። የተማሪ ደብተር ነው፣ ጠርዙ በእርጥበት ያበጠ። በእስክሪብቶ በተሰመረ ሰንጠረዥ የእያንዳንዱ ቤት ስም አለ። የእኚህ አያት ግፊት ወር በወር ተጽፏል። ከፍ ያለው በቀይ ተከቧል። እኛ ዛሬ ያገኘነውን እሷ ድሮ ታውቀው ኖሯል።

ወገኖቼ፣ የእንግዶች ቤት ጠባቂው ማን እንደሆነ አየሁ።

ፊሊፒንስ ውስጥ ትንሹ የአስተዳደር እርከን ባራንጋይ ይባላል፣ እንደ ቀበሌ ነው። በየባራንጋዩ ስለ ጤና የሚሠሩ ፈቃደኞች አሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሕግ እውቅናና አንዳንድ ጥቅም ሰጥቷቸዋል፣ የሚያገኟት አበል ግን ትንሽ ናት። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያሰማራቻቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አስታወሱኝ፤ የእኛዎቹ በእርግጥ ደመወዝተኞች ናቸው። እነዚህ ሴቶች ነፍሰ ጡር ይከታተላሉ፣ ሕፃን ለክትባት ይጠራሉ፣ ግፊት ይለካሉ። ስብከት ላይ ስማቸው አይነሳም። የቆሰለውን ሰው ግን በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በሠላሳኛው ቀን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ሉቃስም የጠባቂውን ስም አልጻፈልንም። ሳምራዊው ግን ሰውየውን በእጁ አደራ ሰጥቶት ነው የሄደው።

ስለዚህ ሁለቱ ዲናር እዚህ ምን ይሆናሉ? ቡድናችንን የሚመራው ፊሊፒናዊ ሐኪም አሳየን። ገና ከመሄዳችን በፊት ከማዘጋጃ ቤቱ ሐኪም ጋር ተነጋግሮ፣ ጤና ጣቢያው የሚሰጠው የግፊት መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ጠይቋል። አምሎዲፒንና ሎሳርታን ነው። እኛም ያንኑ ይዘን ሄድን። ከአሜሪካ ሌላ ዓይነት፣ ውድ ኪኒን ብናመጣ ባለቀ ጊዜ ማን ይተካዋል? ለአያቲቱ የወሩን ሰጠናቸው። የተረፈውን ለጤና ጣቢያው በጽሑፍ አስረከብን። ከዚያ በሐኪሙ ትእዛዝ ወር በወር ይወስዳሉ። በየቀኑ መዋጥ እንዳለበትም አቴ ራሷ፣ በቋንቋቸው፣ እጃቸውን ይዛ አስረዳቻቸው። ከእኛ ይልቅ እሷን ነው የሰሙት።

አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ያሳለ፣ የከሳ ገበሬ ነበር። ቲቢ ተጠረጠረ። ፊሊፒንስ ውስጥ ቲቢ ትልቅ ችግር ነው። ሕክምናው በመንግሥት በነፃ ይሰጣል፣ የተለመደው ዓይነት ስድስት ወር ይፈጃል። ስድስት ወር! ለጥቂት ቀን የመጣ እንግዳ ይህን መጀመር አይችልም፣ መጀመርም የለበትም። ተጀምሮ የተቋረጠ የቲቢ መድኃኒት በሽታውን ያደነድነዋል። ሪፈር ተጻፈለት። ሆኖም ሪፈር ወረቀት ነው፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ የመጓጓዣ የለውም። ቡድኑ የእሱንና አብራው የምትሄደውን የአቴን መሳፈሪያ ከፈለ። ያዕቆብ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጅ መሸኘት ምን ይጠቅማል ይላል (ያዕ 2፥16)። መሳፈሪያ የሌለው ሪፈርም ያው ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ጊዜው ያለፈበት ወይም ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒት ሰብስቦ ለድሃ አገር መላክ አገልግሎት አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በስጦታ የሚላክ መድኃኒት አገሩ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ሊቀረው ይገባል ይላል። እግዚአብሔር በሚልክያስ አፍ የታወረውንና አንካሳውን እንስሳ ለሚያመጡት፣ እስቲ ይህን ለገዢህ አቅርብለት ይላቸዋል (ሚል 1፥8)። ለራሳችን እናት የማንሰጠውን ኪኒን በጌታ ስም አንስጥ። ፈቃድም እንዲሁ ነው። የውጭ ሐኪም እዚያ ለማከም ከአገሪቱ የሙያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጊዜያዊ ፈቃድ ማውጣት አለበት። «የጌታ ሥራ ነው» ብሎ ሕግ መዝለል የለም።

መድኃኒቱ ደግሞ ማጥመጃ አይደለም። ሰልፉ ላይ ማንም ስለ እምነቱ አይጠየቅም። ጌታችን አሥር ለምጻሞችን አነጻ፣ ተመልሶ ያመሰገነው አንድ ነው፤ ያልተመለሱት ዘጠኙም ነጽተዋል (ሉቃ 17)። ጸሎት የሚፈልግ ወደ ጥግ ይመጣል፣ እንጸልይለታለን። ብዙ ሰው ይመጣል። ለነገሩ ክርስትና ወደ ፊሊፒንስ ከገባ ቆይቷል፣ እ.ኤ.አ. ከ1521 ጀምሮ ነው። እግዚአብሔርን ይዘንላቸው አልሄድንም፣ ቀድሞን ነበረ። አቴ ደብተሯን ከመክፈቷ በፊት ስታማትብ አይቻለሁ።

በነገራችን ላይ በዚያ ደሴት ክፍል ቢልሃርዚያ አለ። ገበሬው ባዶ እግሩን ሩዝ ማሳ ውስጥ ይውላል፣ በሽታው ከውሃ ቀንድ አውጣ ይመጣል። አድዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ያዩት ትዝ አለኝ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነበር። ለምርምሩ መነሻ የሆነው የእነዚያ እናቶች እንዶድ ነው። እግዚአብሔር የመንደሩን መልስ ብዙ ጊዜ መንደሩ ውስጥ ያስቀምጣል። እንግዳው ጎንበስ ብሎ ማየት አለበት።

«ስመለስ» የሚለው ቃልም ቀላል አይደለም። ሳምራዊው እንደሚመለስ ቃል ገባ፣ ሂሳብም ከፈተ። አንዴ ሄደው ፎቶ አንስተው ሌላ ጊዜ ሌላ አገር ከሚሄዱ፣ ወደ አንዱ መንደር ደጋግመው የሚሄዱ ቡድኖችን የበለጠ አከብራለሁ። መሄድ ያልቻለ ሰው ደግሞ ዲናሩን መላክ ይችላል፤ የግፊት መለኪያ ባትሪ፣ ለአቴ ዝናብ የማያስገባ ቦርሳ፣ የበሽተኛ መሳፈሪያ።

በጸሎታችሁ አስቡን። አውሎ ነፋሱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይበረታል። ያኔ ወንዙ ይሞላና ወደ ተራራው መድኃኒት ማድረስ ይከብዳል። የግፊትና የቲቢ መድኃኒት የጀመሩት እንዳያቋርጡ፣ ወንዝ የሚሻገሩትን የጤና ሠራተኞችም ጌታ እንዲጠብቃቸው ጸልዩ። አብራችሁን መሄድ የምትፈልጉ ነርሶች፣ ሐኪሞችና የፋርማሲ ባለሙያዎች ካላችሁ ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ ከአሁኑ ንገሩኝ።

ጌታ ይባርካችሁ።