ዘይትና ውሃ ማየት፦ የአዳማ ከባድ መኪኖች የጠዋት ፍተሻ

ከባድ መኪና ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ዘይቱ፣ ውሃውና ሌሎች ፈሳሾቹ ይታያሉ። አዳማ ላይ ይህ የየዕለቱ ሥራ ነው። ከተማዋ የጅቡቲ መስመር ላይ ናት፣ የሞጆ ደረቅ ወደብም ጎረቤቷ ነው። ተሳቢ የሚያድርባት ሌሊት አይጠፋም።

መንገዱ ከባድ ነው። ከአዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ በመተሐራና በአዋሽ በኩል አፋር ይወርዳል። እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ጭነቱ የሚበዛው ደግሞ ሲመለሱ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ጠዋት የታለፈ ጉድለት የሚያጋልጠው ይኼኔ ነው።

ዘይት የሚታየው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው። ሌሊቱን ዘይቱ ወደ ታች ይጠራቀማል፤ የጠዋት ልክ የሚታመነውም ለዚህ ነው። መለኪያው ይመዘዛል፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ እስከ መጨረሻው ይገባል፣ እንደገና ይመዘዛል። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። «ይብዛ እንጂ አይነስ» ብሎ መሙላትም ጥፋት ነው፤ የበዛ ዘይት ይንጣል፣ አረፋ ይሆናል፣ ማለስለሱን ይተዋል።

ቀለሙም ይናገራል። የናፍታ ሞተር ዘይት በተቀየረ ማግስት ቢጠቁር አያስደነግጥም፣ ጥላሸት ነው። ማኪያቶ ከመሰለ ግን ውሃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ መበላሸቱ ነው። ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ናፍታ ናፍታ ከሸተተ ነዳጅ እየገባበት ነው። በሁለቱም ሞተር አይነሳም፣ መካኒክ ይጠራል።

የራዲያተር ክዳን በሙቅ ሞተር አይነካም። አዳማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሲስተሙ ውስጥ ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝ ነው። ሲከፈት ባንዴ ገንፍሎ ፊት ያቃጥላል። የቧንቧ ውሃ መሙላት የተለመደ ነው፣ ግን ዝገትና ደለል ያመጣል። ኩላንት (ለራዲያተር የተዘጋጀ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ውድ ቢሆንም ከራዲያተር ይረክሳል።

የመሪና የፍሪሲዮን ዘይት በቶሎ ይታያሉ። ትልልቆቹ ተሳቢዎች ፍሬናቸው በአየር ነው፤ ስለዚህ የፍሬን ዘይት ፍለጋ አያስፈልግም፣ የአየር ጋኑ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ይለቀቃል። የናፍታ ፊልትሮው ሥር ያለውም ውሃ እንዲሁ።

የአዳማ አቧራ እዚህ ላይ ይጠቅማል ብል አትሳቁ። የሚያፈስ ቦታ አቧራ ይይዝና ጥቁር ጭቃ ይሠራል። ሞተሩ አልፎ አልፎ ከታጠበ አዲስ እድፍ ወዲያው ይለያል። መኪናው ያደረበት መሬትም ይታያል።

ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚያየው ረዳት ነው። ሾፌሩ ከጋቢና «ዘይት አየህ?» ይላል፣ «አዎ ጋሼ፣ ሙሉ ነው» ይባላል። እኔ ይኼ አይበቃም ባይ ነኝ። ዋናው ነገር ከትናንቱ ምን ያህል ቀነሰ የሚለው ነው። ረዳቱ በየጠዋቱ እየሞላ «ሙሉ ነው» ካለ፣ ዘይት የሚበላውን ሞተር ሾፌሩ አያውቀውም። ስንት ሊትር እንደተጨመረ ደብተር ላይ መጻፍ ቀላል መፍትሔ ነው።

ሞተሩ ሲነሳ የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፣ ዘይቱ ሙሉ ቢሆንም እንኳ። የፍሬን አየር መለኪያው ሙሉ ሳያሳይም መኪናው ካለበት አይነቃነቅም።