በጅማ ተማሪዎች ለሥዕልና ለፎቶግራፍ የሚጽፉት ሂሳዊ ምላሽ

ሂሳዊ ምላሽ ተማሪው አንድን ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ረጋ ብሎ ካየ በኋላ ምን እንዳየ፣ ያየው ነገር እንዴት እንደተሠራ፣ ምን እንዳሳሰበውና ሥራው ለምን እንደተሳካ ወይም እንዳልተሳካ ከራሱ ከምስሉ ማስረጃ እየጠቀሰ የሚጽፈው አጭር ጽሑፍ ነው። ከአድናቆት የሚለየው ማስረጃ ስለሚጠይቅ ነው፤ ከሰዓሊው የሕይወት ታሪክ የሚለየው ደግሞ ዋና ጉዳዩ ሰውየው ሳይሆን ሸራው ስለሆነ ነው። ጀማሪ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሰዓሊው የት እንደተወለደና የት እንደተማረ ገጹን ሞልተው ከጻፉ በኋላ፣ ሥዕሉን «በጣም ያምራል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል።

በሥነ ጥበብ ትምህርት በስፋት የሚታወቀው አካሄድ አሜሪካዊው ኤድመንድ ፌልድማን ያስተዋወቀው ባለ አራት እርከን ዘዴ ነው፤ እርከኖቹም ገለጻ፣ ትንተና፣ ትርጓሜና ፍርድ ናቸው። ከአራቱ እጅግ የሚናቀው የመጀመሪያው ነው፤ በእኔ እምነት ግን የቀሩት ሦስቱ የሚቆሙት በእሱ ላይ ነው። ገለጻ ማለት ትርጉም ሳይጨምሩ የሚታየውን ብቻ መናገር ነው። «ያዘነች እናት» ብሎ የጻፈ ተማሪ ገና ሳይገልጽ ተርጉሟል። «አንገቷን ወደ ግራ ያዘነበለች፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የሳበች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ያነባበረች ሴት» ብሎ የጻፈ ግን ለሐዘኑ መነሻ የሚሆነውን ነገር አንባቢው ፊት አስቀምጧል፤ አንባቢውም ሐዘን ነው ወይስ ድካም ብሎ ራሱ ሊመዝን ይችላል።

ለገለጻ የሚያስፈልገው ቃል ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ቀለምን በተመለከተ አማርኛ «ቀይ» እና «ቡኒ» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ቋንቋ አይደለም፤ ለሰው ፊት ጠይምና ቀይ ዳማ፣ ለከብት ቡሬና ዳለቻ፣ ለዶሮ ገብስማና ወሰራ ይላል። የጅማ ልጅ ከዚህ በላይ ሌላ ሀብት አለው፤ እሱም ቡና ነው። የበሰለ እሸት ቡና ቀይ፣ ደርቆ ወደ ጥቁር የሚጠጋው የጀንፈል ቀይ፣ ገና ምጣድ ላይ ሲገላበጥ የሚታየው ፈዛዛ ቡናማና ተቆልቶ ቅባቱ የወጣው ቡና ጥቁረት አራት የተለያዩ ቀለሞች ናቸው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያያቸው ያደገ ተማሪ አንዱን ከሌላው አያምታታም። ሰዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1963 በሠራው «ጎልጎታ» ላይ የተጫነውን ቀይ «ደማቅ ቀይ» ብሎ ከማለፍ፣ የትኛው ክፍል እሸቱን፣ የትኛው ጀንፈሉን እንደሚመስል ለይቶ የጻፈ ተማሪ ትንተናውን ሳያውቀው ጀምሮታል።

በጅማ የሚጻፍ ምላሽን የሚፈትነው ትልቁ ነገር የዋናው ሥራ ርቀት ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የታወቁት ዘመናዊ ሥዕሎች በአብዛኛው በመዲናዋና በውጭ አገር ሙዚየሞች ስለሆኑ ተማሪው የሚያየው ብዙውን ጊዜ ቅጂያቸውን በመጽሐፍ ወይም በስልክ ነው። ይህ የሚያሳፍር ባይሆንም ጽሑፉ ላይ መገለጽ አለበት። በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የሰዓሊ አፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል እንውሰድ። ስለ አፍሪካ ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን የሚናገረው ይህ ባለ ሦስት ክፍል ሥራ 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው፤ ተማሪው ግን መዳፉን በማታክል ስክሪን ያየዋል። ከፊቱ የቆመ ሰው ቀና ብሎ በግዝፈቱ ይዋጣል፤ በስልክ የሚያየው ግን ከላይ ቁልቁል ይመለከተዋል። ስለዚህ «ግዙፍነቱ ያስደነግጣል» ብሎ ከስልክ ያየ ሰው ቢጽፍ ያላየውን መመስከሩ ነው። በሌላ በኩል ስልኩ ከታተመ ወረቀት ይልቅ የሚያቆየው አንድ ነገር አለ፤ የመስታወት ሥዕል ብርሃን ከኋላው እያለፈ የሚያበራው ነውና፣ ስክሪንም የራሱ ብርሃን ስላለው ቀለሞቹ በወረቀት ላይ ከሚኖራቸው ይልቅ ለዋናው ይቀርባሉ። ምን አይቶ እንደጻፈ በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚያሳውቅ ተማሪ እንዲህ ያለውን ልዩነት ራሱ ማስተዋል ይጀምራል።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊትን የተከተሉት ሥዕሎች ለትንተና የሚያመቹ ናቸው፤ ምክንያቱም ሕግ አላቸው። ቅዱሳንና ደጋጎች ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች በአብዛኛው በጎን በአንድ ዓይን ይታያሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዐድዋ ጦርነት የሚያሳዩ ሥዕሎችም ይህንኑ ሕግ ወደ ጦር ሜዳ ያመጡታል። የኢትዮጵያ ሠራዊት ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ሙሉ ፊቱን አሳይቶ፣ የጣሊያን ጦር በቀኝ በኩል በጎን ታይቶ ይሰለፋል፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ይገኛል። ሕጉን የሚያውቅ ተማሪ «ፊታቸው ለምን ተመሳሰለ፣ ጥላቸውስ የት አለ» ብሎ ሰዓሊውን በማያውቀው መለኪያ አይወቅስም። ይልቅ ሕጉ የተጣሰበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ከጠላት ወገን ሁለት ዓይን ያለው ሰው ቢያገኝ ለምን ብሎ መጠየቅ ጥሩ ምላሽ ሊወልድለት ይችላል።

በዘመናዊው ሥዕል ላይ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ በጀርመን ኮሎኝ የተማረው ገብረ ክርስቶስና የረቂቅና የምናብ ሥዕሎች ሠሪው እስክንድር ቦጎሲያን እዚያ አስተምረዋል። የሚታወቅ ነገር መልክ በማያሳይ ረቂቅ ሥዕል ፊት የሚቆም ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ «ይህንንማ ሕፃን ልጅም ይሥለዋል» የሚል ነው። መምህሩ ይህን አባባል ከማፈን ይልቅ እንደ መነሻ ቢቀበለው ይሻላል፤ አባባሉ ሊፈተሽ የሚችል ነውና። ከሥዕሉ ላይ አንዱን ቅርጽ በጣት ሸፍኖ የቀረው ሚዛኑን ይስት እንደሆነ ማየት፣ ከዚያም ያዩትን መጻፍ ይቻላል። ሚዛኑ ከሳተ ቅርጹ በዘፈቀደ አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ካልሳተም ተማሪው ነቀፋውን የሚያስደግፍበት ማስረጃ አግኝቷል።

ፎቶግራፍ ከሥዕል የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው እውነት መስሎ ስለሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበረ ይነገራል። ታዲያ ከወገባቸው በላይ ብቻ የሚያሳይ ምስል ቁመታቸውን ሊመሰክር ይችላል? አይችልም፤ አጠገባቸው የቆመ ሰው፣ የበር መቃን ወይም ወንበር ያስፈልጋል። ተማሪው ከምስሉ የሚያውቀውንና ከአያቱ የሰማውን የሚለየው እንዲህ ባለ ጥያቄ ነው። በጅሬን ኮረብታ ያለው የእንጨት ቤተ መንግሥት ደግሞ ተማሪው ራሱ ሄዶ ዋናውን ከፎቶው ጋር ሊያስተያይ የሚችልበት ብርቅ አጋጣሚ ነው፤ በፎቶው ውስጥ የተቆረጠው ምንድን ነው፣ ጥላው ወዴት ወድቋል፣ አንሺው የቆመው የት ነው ብሎ እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ መሞከር ይቻላል።

ከሁሉ የቀረበው ግን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለው አልበም ነው። አንድ የቆየ የፎቶ ቤት ምስል በእጄ ይዤ ልግለጸው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ዙሪያው ጥርስ ጥርስ ያለው ነጭ ጠርዝ አለው። ኮትና ክራባት ያደረገ ወጣት በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው ሐይቅና ተራራ የተሣለበት መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ የመጋረጃው የታችኛው ጫፍ ወለሉ ላይ ተጨማድዶ ይታያል። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶ፣ እጅጌው አውራ ጣቱን ሸፍኗል። የተማሪው ትርጓሜ ያለው እዚህ እጅጌ ላይ ነው፤ ኮቱ የተዋሰው ወይም የፎቶ ቤቱ ሳይሆን አይቀርም። «ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ሐረግ በሂሳዊ ምላሽ ውስጥ ክብር ይገባዋል፤ ማስረጃው እስከ የት እንደሚያደርስ ጸሐፊው ማወቁን ያሳያልና። የተጨማደደው መጋረጃም እንዲሁ ተራ ጉድለት ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ወጣቱ ሊታይበት የፈለገው ዓለም የት ላይ እንደሚያበቃ ያሳያል።

ከባዱ ጉዳይ የረሃብ ፎቶግራፎች ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን በኮረም ያነሳቸው ምስሎች ዓለምን አንቀሳቅሰው እርዳታ አምጥተዋል፤ በዚያው ልክ ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያ በውጭ ሰው ዓይን በእነሱ ብቻ እንድትታይ አድርገዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ተማሪው አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲጥል ማስገደድ ተገቢ አይመስለኝም። በምስሉ ያለው ሰው ወደ ካሜራው እያየ ነው ወይስ አያይም? ስሙ ተጽፏል ወይስ «ተረጂ» ብቻ ተብሏል? ካሜራው በቁመቱ ልክ ነው ወይስ ከላይ ቁልቁል? እነዚህን የመለሰ ጽሑፍ በስሜት ብቻ ከተጻፈው ይበልጣል፤ ስሜቱንም አይገድለውም።

የቤቱ ባህልም በምላሹ ውስጥ ቦታ አለው። ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩባት ጅማ ግድግዳው ላይ የሰው ሥዕል በማይሰቀልበት ቤት ያደገ ተማሪ አለ፤ በአንጻሩ የካዕባ ምስል ያለበት ምንጣፍ፣ የተዋበ የዓረብኛ ጽሕፈትና ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ በየቀኑ ያያል። ለእሱ ቅንብርን፣ ድግግሞሽንና ባዶ ቦታን ከእነዚህ ጀምሮ ማስተማር ቀላል ነው። ቋንቋን በተመለከተ ደግሞ ብዙዎቹ ተማሪዎች በአፋን ኦሮሞ አይተው፣ በአማርኛ ተከራክረው፣ ከፍ ባለው ክፍል በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ ይጠየቃሉ፤ በዚህ ጉዞ መጀመሪያ የሚጠፋው የቀለሙ ስም ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ተማሪው ባየበት ቋንቋ ቢጻፍ፣ ያላገኘለት ቃል ቢኖር ባዶ ቦታ ትቶ ቢያልፍና ምስሉን በማግሥቱ በሌላ ብርሃን ደግሞ አይቶ ቢሞላው መልካም ነው።