ቢሊ በድ፦ ንጹሕ ልብ በጦር ችሎት ፊት

«ቢሊ በድ» አሜሪካዊው ደራሲ ኸርማን ሜልቪል በሕይወቱ ማብቂያ ላይ የጻፈው የባሕር ላይ ኖቬላ (አጠር ያለ ልብ ወለድ) ነው። በ1891 (እ.ኤ.አ.) ሲሞት ረቂቁ ገና አላለቀም ነበር። በ1919 ሬይመንድ ዊቨር አገኘው፤ በ1924 ለንደን ላይ ታተመ።

ዘመኑ 1797 ነው። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ መርከበኞች ስፒትሄድና ኖር በተባሉ የመርከብ ማረፊያዎች አምፀዋል፤ መኮንኖቹም አድማ በየጥጉ ይታያቸዋል። ወጣቱ ቢሊ «የሰው መብቶች» ከምትባል የንግድ መርከብ ላይ ታፍሶ ወደ ጦር መርከብ ይገባል። የዋህ ነው፤ ሁሉም ይወደዋል። ሲደነግጥ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። የመርከቡ ሥርዓት አስከባሪ ክላጋርት ውስጥ ውስጡን ይጠላዋል። «አድማ እየጠነሰሰ ነው» ብሎ በካፒቴን ቪር ፊት በሐሰት ይከሰዋል። ቢሊ ሊመልስ ቢሞክር ቃል እምቢ አለው። እጁ ቀደመ። በአንድ ቡጢ ክላጋርት ወድቆ ሞተ።

የጽሑፉ እምብርት ከዚህ በኋላ ያለው ችሎት ነው። ቪር ሦስት መኮንኖችን በጥድፊያ ሰበሰበ። ምስክሩ እሱ፣ ዳኞቹን የሰየመው እሱ፣ ለፍርዱ የተሟገተውም እሱ። ቪር፣ ቢሊ ክፋት እንዳላሰበ ያምናል። ግን «የለበስነው የንጉሡን መለዮ ነው፤ ሕጉ የሚያየው ድርጊቱን እንጂ ሐሳቡን አይደለም» አላቸው። ዳኞቹ አመነቱ። የመርከቡ ሐኪምም ጉዳዩ አድሚራሉን (የበላይ አዛዡን) መጠበቅ ነበረበት ብሎ አስቧል። አልተጠበቀም። ቢሊ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተሰቀለ፤ የመጨረሻ ቃሉም ለቪር ምርቃት ነበር።

የሕግ ምሁሩ ሪቻርድ ዋይስበርግ ቪር ራሱ የዘመኑን የባሕር ኃይል ሥነ ሥርዓት ጥሷል ይላሉ። ክርክራቸው አሳማኝ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥድፊያ ፍትሕ ሊባል አይችልም። በጦርነት ጊዜ ሌላ ምርጫ አልነበረውም የሚሉም አሉ። ሌላው የሕግ ምሁር ሮበርት ከቨር ደግሞ ቪርን ከሜልቪል አማት ከዳኛ ሌሙኤል ሾው ጋር ያያይዙታል። ሾው ባርነትን እየተቃወሙ፣ ሕጉ ያስገድደኛል ብለው ያመለጡ ባሪያዎችን ለጌቶቻቸው የመለሱ ሰው ነበሩ። በ1842 «ሶመርስ» በተባለች የአሜሪካ ጦር መርከብ ላይ ሦስት ሰዎች በአድማ ተጠርጥረው ሲሰቀሉም የሜልቪል የአጎት ልጅ የመርከቧ መኮንን ነበር።

በ1951 ቤንጃሚን ብሪተን ኦፔራ አድርጎታል።

በታሪኩ ማብቂያ መርከበኞቹ ቢሊ የተሰቀለበት እንጨት ከመርከብ ወደ መርከብ ሲዘዋወር ዱካውን ይከተላሉ። የእንጨቱ ስባሪ ለእነሱ እንደ ግማደ መስቀሉ ነበር።